አሮጌ የጭቃ ቤትን በጠዋት ብርሃን በውሃ ቀለም የመሣል ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ተራራ ጥግ፣ በሱሉልታና በሰበታ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ግድግዳቸው በጭድና በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያቸው የዛገ ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ቤቶች ዛሬም አሉ። የውሃ ቀለም ለሚለማመድ ሰው ከእነዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ይከብዳል። የተመረገ ግድግዳ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ፀሐይ በጎን ስትመታው በእያንዳንዱ ጉብታ ሥር ትንሽ ጥላ ይቀመጣል፤ የቆርቆሮው ዝገት፣ የአፈሩ ቅላትና የባሕር ዛፉ ግራጫ አረንጓዴም እርስ በርስ የሚስማሙ ቀለሞች ናቸው። ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመራው በአንድ ሐሳብ ነው፤ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ነጭ ቀለም ስለማይጠቀም ብርሃኑን የሚያገኘው ሳይነካ ከተወው ወረቀትና በቦታው ካስቀመጠው ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀለም ምርጫ ይልቅ በጥላው ላይ ብዙ እንቆያለን።

ሰዓቱንና ቤቱን መምረጥ

ከቤቱ በፊት ሰዓቱን ይምረጡ። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር የክፍክፉ ጥላ በግድግዳው ላይ ወደ ታች እየረዘመ ይሄዳል፤ እኩለ ቀን ሲደርስ ግድግዳውን አብዛኛውን ይሸፍነውና ቤቱ ቅርጹን ያጣል። ክፍክፉ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ ቢሆንና ፀሐይ ከፊት ለፊት በ45 ዲግሪ ብትመታው፣ ጥላው ልክ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ዝቅ ስትል ያጥራል፣ ከፍ ስትል ይረዝማል። በእኔ ግምት ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡30 እና ከቀኑ 10፡00 እስከ 11፡30 ያለው ነው። ከሁለቱ ጠዋቱን አስበልጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በኮረብታው ላይ ነፋስ ይበረታል፣ ወረቀትም ያስቸግራል።

ወቅቱም ከሰዓቱ እኩል ይታሰብበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ 5 ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በስተ ደቡብ። በዚህ የተነሣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግድግዳ በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ያው ግድግዳ በሰኔ ቀኑን ሙሉ በጥላ ይውላል። የእንጦጦ ግርጌ ቤቶች ብዙዎቹ ቁልቁል ወደ ከተማው የሚያዩ በመሆናቸው የሚሣሉበት ምቹ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ፊት ለፊት ሲቀመጡ የጠዋት ፀሐይ ከቀኝዎ ትመጣለች፤ በሩ፣ መስኮቱና የበረንዳው ምሰሶ ሁሉ ጥላቸውን ወደ ግራ ይጥላሉ። መስከረም ደግሞ የራሱ ጸጋ አለው፤ ዝናቡ አየሩን ስላጠበው ሩቁ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ በአጥሩ ሥር አደይ አበባ ይኖራል፤ ነገር ግን ደመናው እየመጣ ጥላውን ስለሚያጠፋው ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቤቱን ሲመርጡ ሁለት ገጹ በአንድ ጊዜ የሚታይበት ቦታ ፈልገው ይቀመጡ፤ አንዱ ገጽ በብርሃን፣ ሌላው በጥላ መሆን አለበት። ፊት ለፊቱ ብቻ የሚታይ ቤት ጥሩ ንድፍ ቢወጣውም ክብደት አይኖረውም። ውበቱ በዝርዝሩ ብዛት አይለካም፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ የተንጋደደ ክፍክፍና ከጎኑ የቆመ አንድ ዛፍ ከበቂ በላይ ነው።

ቤቱ ሰው የሚኖርበት መሆኑም አይዘነጋ። ዕቃዎን ከመዘርጋትዎ በፊት በሩ ድረስ ሄደው «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ቤትዎን ለመሣል ፈቃድዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» ማለት ተገቢ ነው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ያወቀ ባለቤት ብዙውን ጊዜ በርጩማ ያቀርባል፣ ስለ ቤቱም ያጫውታል፤ የቱ ግድግዳ መቼ እንደ ተመረገ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደ ተለወጠ ከእርሱ የሚሰማው ነገር ሥዕሉን ይረዳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ገንዘብዎን ከሁሉ አስቀድመው ወረቀት ላይ ያውሉ። የሚፈለገው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ከጥጥ የተሠራ፣ ገጹ መካከለኛ ሻካራነት ያለው የውሃ ቀለም ወረቀት ነው። ስስ የንድፍ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ብሩሽ ሲደጋገምበትም ይላጣል፤ በእንዲህ ያለ ወረቀት የተለማመደ ሰው ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ለሚሠራ ሰው የኤ4 መጠን፣ ማለትም 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር፣ ይበቃዋል። ወረቀቱን በአራቱም ጎን በወረቀት ፕላስተር ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት።

ቀለሞቹ ስድስት ቢሆኑ በቂ ናቸው፦ የሎው ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ)፣ ኮባልት ብሉ (ፈካ ያለ ሰማያዊ) እና ካድሚየም ሬድ (ደማቅ ቀይ)። ጥቁርና አረንጓዴ መግዛት አያስፈልግም፤ አልትራማሪን ከበርንት ሲየና ጋር ሲደባለቅ ከስስ ግራጫ እስከ ጥቁር የሚጠጋ ቀለም ይሰጣል፣ ከየሎው ኦከር ጋር ደግሞ ባሕር ዛፉን የሚመስል የደበዘዘ አረንጓዴ ይወጣዋል። የውሃ ቀለምን ከወረቀት ጋር የሚያጣብቀው በእኛም አገር ቆላ ከሚበቅል የግራር ዝርያ የሚገኘው ሙጫ ነው፤ ሙጫው ከደረቀም በኋላ በውሃ ስለሚሟሟ ኋላ የምናነሣው እርማት የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከብሩሽ አንድ ጠፍጣፋ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ክብ፣ ቁጥር 12 እና ቁጥር 6፣ ይያዙ። ሁለት ዕቃ ውሃ፣ አንዱ ለማጠቢያ አንዱ ለንጹሕ፣ ሶፍት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ባርኔጣ ይጨምሩ። ባለ ቀለም መነጽር ግን ሲሠሩ አያድርጉ፤ የሚያዩትን ቀለም ሁሉ ይለውጥብዎታል።

ሲቀመጡ ፀሐይ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ እንዳታርፍ ይጠንቀቁ። በፀሐይ የበራ ነጭ ወረቀት ዓይን ያጥበረብርና የቀቡት ሁሉ ፈካ ያለ ይመስልዎታል፤ ቤት ገብተው ሲያዩት ግን ጠቁሮ ያገኙታል። የዛፍ ጥላ ወይም ጃንጥላ ይህን ይፈታል።

ከንድፉ በፊት ሦስት ደረጃ

በማስታወሻ ደብተር ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል አራት ማዕዘን ይሥሩና ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ቤቱን ይመልከቱ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ነገር ብቻ ይቀራል፦ የበራው፣ መካከለኛውና ጨለማው። የበራውን ባዶ ይተዉ፣ መካከለኛውን በእርሳስ ስስ አድርገው ይሙሉ፣ ጨለማውን አጥቁሩት። ይህ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ ጥላዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ቅርጽ ይሠሩ እንደሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የክፍክፉ ጥላ ከጎን ግድግዳው ጥላ ጋር፣ እርሱም መሬት ላይ ከተኛው ጥላ ጋር ሳይቋረጥ ከተገናኘ ሥዕሉ ጸንቶ ይቆማል። ጥላው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከታየ መቀመጫዎን ይለውጡ፤ በሥዕሉ ላይ ለማስተካከል አይሞክሩ።

ንድፉ

እርሳሱን ክንድዎን ዘርግተው ይያዙና የግድግዳውን ቁመት ይለኩ፤ ያው ልኬት በቤቱ ስፋት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠሩ። ብዙ ጀማሪ ግድግዳውን ከልክ በላይ ያስረዝመዋል፤ እነዚህ ቤቶች አጭርና ሰፊ ናቸው፣ ጣሪያቸውም ከሚታሰበው በላይ ቦታ ይይዛል።

ቀጥሎ የዓይንዎን ከፍታ የሚያመለክት ቀጭን አግድም መስመር ያስምሩ። ከዚህ መስመር በላይ ያሉት የቤቱ አግድም ጠርዞች ወደ ሩቁ ሲሄዱ ዝቅ ይላሉ፣ ከበታቹ ያሉት ደግሞ ከፍ ይላሉ። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ከቤቱ በታች ስለሆነ፣ የድንጋይ መሠረቱም ሳይቀር ከዓይንዎ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የጣሪያውም የመሠረቱም መስመር በአንድነት ወደ ታች ያዘነብላል። ይህ ካልተስተዋለ ቤቱ ከኮረብታው ላይ የሚንሸራተት ይመስላል።

ማስመሪያ አይጠቀሙ። ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ እንጨት ናቸው፤ በዓመታት ውስጥ ይጎብጣሉ፣ ከሥራቸውም እየበሰበሱ ይሰምጣሉ፣ ስለዚህ የጣሪያው አናት መካከሉ ላይ ጎድጎድ ይላል፣ የበሩም መቃን ያዘነብላል። ያን ጉብጠት ሳያጋንኑና ሳያቃኑ ይከተሉት። የቤቱ ዕድሜ የሚነበበው በዚህ መስመር ላይ ነው።

በመጨረሻ የጥላዎቹን ጠርዝ ሁሉ በስሱ ያስምሩና ሰዓቱን በወረቀቱ ዳር ይጻፉ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ ቀለም ሲቀቡ የሚያዩት ጥላ ሲነድፉ ከነበረው የተለየ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ምንም ቢለወጥ በወረቀቱ ላይ ያለውን ጥላ ይመኑ። ግማሹ በ2፡00 ሰዓት፣ ግማሹ በ3፡30 የተሠራ ጥላ ያለበት ሥዕል ሁለት ፀሐይ ያለው ይመስላል። ጊዜው ካለፈ ዕቃዎን ሰብስበው በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቢመለሱ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቅብ

ቀለም ከመንካትዎ በፊት ነጭ ሆነው የሚቀሩትን ቦታዎች ለራስዎ ይንገሩ፦ ፀሐይ የምትመታው የቆርቆሮ ጠርዝ፣ ኖራ የተቀባው የግድግዳ ክፍል፣ ደጃፍ የተሰጣ ነጠላ ካለ እርሱም። እነዚህ አንዴ ከተቀቡ አይመለሱም።

ሰማዩን በንጹሕ ውሃ አርጥበው ኮባልት ብሉን ከላይ ጠንከር፣ ወደ ታች እየሳሳ እንዲሄድ አድርገው ይልቀቁት። ቀለሙ ወደ ታች እንዲወርድ ሰሌዳው ወደ እርስዎ ትንሽ ያዘንብል፤ ሰማዩ ሳይደርቅ ወደ ጣሪያው አናት እንዳይፈስ ግን በጣሪያው ጠርዝ ላይ ደረቅ ወረቀት ይተዉ። ለበራው ግድግዳ የሎው ኦከርን ከበርንት ሲየና ጠብታ ጋር በብዙ ውሃ በጥብጠው እንደ ቀጭን ሻይ አሳስተው ይቅቡ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝ እርጥብ ሳለ ትንሽ የበዛ መስሎ ቢታይ ልክ ነው። መሬቱን በዚሁ ድብልቅ ላይ በርንት ሲየና አክለው ይቅቡት።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቅቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ያልታሰበ መስመርም ይዞ ይቀራል። መፍትሔው ቀለሙን አስቀድሞ በብዛት በጥብጦ ማዘጋጀት፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማርጠብና በትልቁ ብሩሽ ሳያቋርጡ መሥራት ነው። በክረምት ተቃራኒው ይሆናል፤ ቅቡ አልደርቅ ይላል፣ ትዕግሥት ያጣ ሰው በእርጥቡ ላይ ሲደርብ ቀለሙ ይጨቀያል። የደረቀ መሆኑን ለማወቅ የእጅዎን ጀርባ ወደ ወረቀቱ ያስጠጉ፤ ቅዝቃዜ ከተሰማዎ ገና ነው።

ጣሪያው

ዝገት ያለ ሥርዓት አይመጣም። የሚጀምረው ከሚስማሩ ቀዳዳ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ከተደረበበትና ውሃ ከሚያቆረው የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ከዚያም በዝናቡ መንገድ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጣሪያውን በሙሉ በስስ የኮባልትና የበርንት ሲየና ግራጫ ይቅቡ፤ እርጥብ ሳለ በሚስማሮቹ ረድፍና በመደራረቢያው ላይ ጠንከር ያለ በርንት ሲየና ጠብ ያድርጉ፣ ሰሌዳውንም ወደ ጣሪያው ቁልቁለት አዘንብለው ቀለሙ በራሱ እንዲወርድ ይተዉት። ብሩሽ ሊሠራው የማይችለውን ውሃው ይሠራዋል። በቅርብ ጊዜ የተለወጠ ቆርቆሮ ካለ ሰማይን ስለሚያንጸባርቅ ከሌላው ይልቅ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በዛጉት መካከል መኖሩ ለሥዕሉ ታላቅ ረድኤት ነው።

የቆርቆሮውን ሸንተረር ሁሉ መቁጠር አያስፈልግም። ውሃው የተጠረገ ጠፍጣፋ ብሩሽ በጣቶችዎ መካከል ጠፍጥፈው፣ ጥቂት መስመሮችን ከአናት ወደ ክፍክፉ ይሳቡ፤ በጠርዙ አካባቢ ግልጽ ይሁኑ፣ በበራው መካከል ይጥፉ። ነፋስ እንዳያነሣው የተጫኑ ድንጋዮች ካሉ ከነጥላቸው ያስገቧቸው።

ግድግዳው

የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ ምርጊቱ የረገፈበትን ቦታ ይፈልጉ። ጠጋ ብለው ቢያዩት ሦስት ንጣፍ ያገኛሉ፤ ከላይ ቅርፊት መስሎ የተላጠ ኖራ፣ ከሥሩ ጭድ የታየበት ቡናማ ጭቃ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ማገሩና ቋሚው። ፀሐይ በጎን ስትመታ ወደ ፀሐይ የዞረው የተላጠ ጠርዝ ያበራል፣ በፀሐይ በኩል ያለው ጠርዝ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ቀጭን ጥላ ይጥላል። ይህን ለመሥራት የረገፈውን ቅርጽ በበርንት አምበርና በየሎው ኦከር ይሙሉ፤ ሲደርቅ በትንሹ ብሩሽ ጫፍ ፀሐይ ባለችበት ጎን ባለው የውስጥ ጠርዝ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ መስመር ያስገቡ። ከቀኝ ለምትመጣ ፀሐይ ጨለማው መስመር በጉድጓዱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ይሆናል፤ ይህ ከተገለበጠ ጉድጓዱ ጉብታ ይሆንብዎታል። እንዲህ ያለ ቦታ በአንድ ሥዕል ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

ለሻካራነቱ ጥቂት ቀለም የያዘ ብሩሽ አስተኝተው ወረቀቱን ፈጠን ብለው ይጥረጉት፤ ቀለሙ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ ነክቶ ያልፋል፣ ምርጊቱንም ያስመስላል። በግድግዳው እግር ዙሪያ የዝናብ ጭቃ የረጨበት ቀላ ያለ ቀበቶ አለ፤ እርሱን አይርሱ፣ ቤቱን ከመሬቱ ጋር የሚያስተሣሥረው እርሱ ነው።

ጥላው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስካሁን ሥዕሉ ፈዛዛና ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ መሆን የሚገባውም እንዲሁ ነው። ብሩሹን ከማንሳትዎ በፊት የጥላውን ድብልቅ በበቂ መጠን ያዘጋጁ፦ አልትራማሪን፣ ጥቂት በርንት ሲየና፣ ካድሚየም ሬድ እጅግ በትንሹ። ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ግራጫ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ኦከር በውስጡ ስለሚታይ የጭቃው ቀለም ሳይጠፋ ይጨልማል። ኖራ ለተቀባ ግድግዳ ግን ኮባልትን ያስበልጡ፤ በነጭ ላይ የወደቀ ጥላ ሰማዩን ስለሚቀበል ሰማያዊነቱ ይበዛል።

ጥላውን በአንድ ትንፋሽ ይቅቡት። ከክፍክፉ ሥር ይጀምሩ፣ ወደ ጎን ግድግዳው ይሻገሩ፣ ሳያቋርጡ መሬት ላይ ያውርዱት። እርጥብ ሳለ በጎን ግድግዳው የታችኛው ክፍል ላይ የሎው ኦከር ወይም በርንት ሲየና ጠብ ያድርጉ፤ ፀሐይ የመታችው ቀይ አፈር ብርሃኑን መልሶ ወደ ጥላው ስለሚረጭ፣ የጥላው እግር ከአናቱ ይልቅ ሞቅ ያለና ፈካ ያለ ነው። ከክፍክፉ ሥርም እንዲሁ ነው፤ ከመሬት የሚነሣው ብርሃን የጣሪያውን ሆድ ያሞቀዋል። ይህ የተመለሰ ብርሃን ሲታከልበት ጥላው አየር ያለው ይመስላል።

የክፍክፉን ጥላ ጠርዝ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ቆርቆሮው ሸንተረር ስላለው ጥላው ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ትንንሽ ቅስቶች ተከታትለው የተሰለፉበት ሞገድ ነው፣ ፀሐይም በጎን ስለምትመጣ ቅስቶቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ግድግዳው በጎበጠበት ቦታ ጥላውም አብሮ ይጎብጣል፣ በመስኮቱ ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች ዘለግ ይላል። የመስመሩ ጠርዝ ከክፍክፉ አጠገብ ስል፣ ከሚጥለው ነገር በራቀ ቁጥር ለስላሳ መሆን አለበት፤ መሬት ላይ የተኛውን የዛፍ ጥላ ጫፍ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ያለስልሱት። አንድ ጊዜ የተቀባውን ጥላ እርጥብ ሳለ መልሰው አይነካኩት፤ ግልጽነቱ የሚጠፋው በመነካካት ነው።

ቀሪው

በሩና መስኮቱ ቶሎ ያልቃሉ። የተከፈተ በር ውስጡ ጥቁር መስሎ ቢታይም በአልትራማሪንና በበርንት አምበር ይሥሩት፤ ወደ ደፉ ሲቀርብ አምበሩን ያብዙ። በዚህ ጨለማ አጠገብ ያለው የበራ መቃን የሥዕሉ ከፍተኛ ንፅፅር ስለሚሆን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ ይህን የሚወዳደር ጨለማ አያስቀምጡ።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ ቅጠል በቅጠል አይሥሩት። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰማያዊ ግራጫ፣ ያረጀው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሁለቱን በእርጥብ ላይ አቀላቅለው አንድ ክብደት ያለው ቅርጽ ያድርጉትና በመካከሉ የሰማይ ቀዳዳ ይተዉ። በሩቅ የወጨጫ ወይም የየረር ተራራ ከታየ በስስ ኮባልት አንድ ቅብ ብቻ ይበቃዋል።

ስሕተት ቢገባ፣ ከደረቀ በኋላ ቦታውን በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ አሽተው በሶፍት ያንሡት፤ በተለይ የበርንት ሲየናና የኦከር ቅቦች ይነሣሉ። ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አይሹት፣ ወረቀቱ ይላጣል። ሁሉም ሲያልቅ ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ያቁሙትና ይመልከቱ፤ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ ወዲያው ከታወቀ ሌላ ነገር አይጨምሩበት።

ፕላስተሩን ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ወደ ውጭ እያዘነበሉ በቀስታ ይላጡት። ከጀርባው የሰፈሩን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ሥዕሉ መስታወት ሥር ሲገባ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ በመካከላቸው የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ አለዚያ በእርጥበት ይጣበቃል፣ ይሻግታልም። በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ስለሆነ ቀጥታ ብርሃን የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።